ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ ቤት ልታሠሩ ወይም ልታሳድሱ ያሰባችሁ ገንዘብ ከመልቀቃችሁ በፊት



ዛሬ የቡናም የሰሊጥም ዋጋ አልለጥፍም። ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ፌሮ፣ ስለ ሲሚንቶና ስለ ቆርቆሮ ናቸው። ነገሩ ይገባኛል። ምርት ተሸጦ ገንዘብ እጅ ሲገባ ገበሬውም ነጋዴውም ቤቱን ያስባል፣ ዩኒየኑም መጋዘኑን ያስባል። ጥያቄዎቹን በደንብ ሳያቸው ግን አብዛኞቹ "ፌሮ ስንት ገባ?" የሚሉ አይደሉም። "ኮንትራክተሩ ዋጋ ጨምሯል፣ ገንዘብ ጨምሩ እያለን ነው፣ እውነቱን ነው ወይ?" የሚሉ ናቸው።

ይሄ ጥያቄ እኔንም አንድ ጊዜ አስከፍሎኛል። ስለዚህ መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ፣ ከዚያ ወደ ቁጥሩ እንገባለን።

የእናቴ ቤት

እናቴ የምትኖረው ጅማ ነው። ቤቱ አባቴ የሠራው የጭቃ ቤት ነው፣ ጣሪያው አርጅቶ ያፈሳል። በ2015 መጋቢት ላይ እኔና ጂዳ የምትሠራው እህቴ ተመካክረን ጣሪያውን በአዲስ ልንቀይር፣ ከኋላም ሁለት ክፍል ልናስጨምር ወሰንን። ሥራውን የያዘው ሰው በዘመድ የመጣ ነው። "የሰፈራችን ልጅ ነው፣ እናትህን እንደ እናቱ ነው የሚያያት" ተባልኩ። ከነማቴሪያሉ 850,000 ብር ተስማማን። ሌሎች ሁለት ሰዎች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ብለውኝ ስለነበር ደስ አለኝ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ውል አልጻፍንም። ወረቀት ካወጣሁ ሰውየውን የማላምነው ይመስላል ብዬ አፈርኩ። ቆርቆሮና እንጨት በጅምላ ሊገዛ 500,000 ብር ቅድሚያ ጠየቀ፣ በባንክ ላክሁለት። ከጠቅላላው ወደ 60 በመቶ መሆኑ ነው።

ግንቦት መጀመሪያ ላይ ሠራተኞች መጥተው በሁለት ቀን አሮጌውን ጣሪያ አነሱት። አሮጌውን ቆርቆሮ ጭነው ወሰዱ፣ የት እንደደረሰ እስከ ዛሬ አላውቅም። ለአዲሶቹ ክፍሎች መሠረት ተቆፈረ፣ ሞራሌ ተመታ። ከዚያ ስልክ ተደወለ። "ወንድሜ፣ ቆርቆሮ ዋጋ ጨምሯል፣ 180,000 ካልጨመራችሁ ማልበስ አልችልም።" ተከራክሬ 120,000 ላክሁ። ጣሪያው ተነስቷል፣ እናቴ ቤት ውስጥ ናት፣ የጅማ ዝናብ ደግሞ ጀምሯል። ምን አማራጭ ነበረኝ? ገንዘቡ በገባ በአራተኛው ቀን ስልኩ ጠፋ።

እናቴ ያን ክረምት ጎረቤት ቤት አሳለፈችው። ዕቃዋን በሸራ ሸፈንነው፣ ግድግዳው ግን ዝናብ ጠጥቶ በአንድ በኩል ተናደ። ይባስ ብሎ ሐምሌ ላይ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ያለው ሰው ቤት ድረስ መጥቶ "በእርስዎ ስም የተወሰደ የ74,000 ብር ሲሚንቶና ሚስማር አለ" አላት። ሲሚንቶው ደግሞ እኛ ጋ አልደረሰም፣ ሌላ ሥራ ላይ ውሏል።

ሒሳቡን ልዝጋላችሁ። የከፈልነው 620,000 ብር ነው። ያመጣሁት መሐንዲስ የተሠራውን ለክቶ ከ210,000 አይበልጥም አለ። ባለሱቁ በ50,000 ታረቀን። በሽማግሌ ተይዞ ሰውየው በሦስት ጊዜ 90,000 መለሰ። የተጣራ ኪሳራ 370,000 ብር። አብዛኛው የእህቴ ላብ ነው።

እናቴ አንድ ቀን ቡና እያፈላች ምን አለችኝ መሰላችሁ? "አንተ የሰውን ቡና ስትመዝን ትውላለህ፣ የራስህን ቆርቆሮ ግን ሳትመዝን ከፈልክ።"

እውነቷን ነው። እኛ ገበያ ላይ ናሙና ሳናይ ሒሳብ አንከፍልም። ግንባታ ላይ ስንደርስ ግን ይህንን ሁሉ እንረሳዋለን።

ማጭበርበሩ የሚሄድባቸው አምስት መንገዶች

ከራሴም ከእናንተም ከሰማሁት ነገሩ ሁሌም በነዚህ አምስት በሮች ነው የሚገባው።

1. ከገበያ በታች የሆነ ዋጋ። ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስባችሁ አንዱ ከሌሎቹ በ20 እና በ30 በመቶ ካነሰ ሰውየው ወይ ዕቃ ሊያሳንስ ነው፣ ወይ መሀል ላይ ሊያስጨምር ነው፣ ወይ ቅድሚያውን ይዞ ሊጠፋ ነው። ፌሮና ሲሚንቶ ለሁላችንም አንድ ገበያ ነው፣ ለሱ ብቻ በርካሽ የሚሸጥ የለም።

2. ትልቅ ቅድሚያ ክፍያ። በመንግሥት ግንባታ ለረጅም ጊዜ የተለመደው የቅድሚያ ክፍያ ጣሪያ 30 በመቶ ነው፣ እሱም ዋስትና ተይዞ ነው። እኛ ያለ ምንም ዋስትና 60 በመቶ እንሰጣለን።

3. አፍርሶ ማስገደድ። መጀመሪያ የሚሠራው ነገር ማፍረስ ነው። ጣሪያ ይነሳል፣ ሽንት ቤት ይፈርሳል፣ አጥር ይናዳል። ከዚያ በኋላ እናንተ መደራደር አትችሉም።

4. ዕቃ ማሳነስ። በ12 ፌሮ ቦታ 10፣ በወፍራም ቆርቆሮ ቦታ ስስ፣ በሰባት ከረጢት ሲሚንቶ ቦታ አምስት። ይሄኛው ከሁሉም የከፋ ነው፣ ምክንያቱም ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ሕይወት ይበላል።

5. በባለቤቱ ስም ዱቤ። እኔን የገጠመኝ ነው። ሥራ ስታስጀምሩ በአካባቢው ላሉ ሱቆች "ያለኔ ፊርማ በስሜ የሚወጣ ዕቃ የለም" ብላችሁ ንገሯቸው። አንድ ዙር መሄድ ነው፣ ወጪ የለውም።

"ዋጋ ጨምሯል" ሲሏችሁ

ይሄ የኛ ቻናል ሥራ ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው።

ዋጋ አይጨምርም እያልኩ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲደረግ ብር ከዶላር አንጻር በአጭር ጊዜ ምን ያህል እንደወረደ ሁላችንም እናስታውሳለን። በዚያ ወቅት በተቆረጠ ዋጋ ሥራ ይዘው በሐቀኝነት የከሰሩ ኮንትራክተሮች አሉ። ለነሱ ማስተካከያ ማድረግ ፍትሕ ነው።

ግን ዶላር ሁሉንም ዕቃ እኩል አይነካም። ፌሮ የሚመረተው አገር ውስጥ ቢሆንም ጥሬ ዕቃው በአብዛኛው ከውጭ ይመጣል፣ ስለዚህ ከዶላር ጋር ይሄዳል። ቆርቆሮ፣ ሴራሚክ፣ የመብራትና የቧንቧ ዕቃም እንደዚሁ። ሲሚንቶ ድንጋዩ የኛ ነው፣ ዋጋውን የሚያናውጠው የአቅርቦት መቆራረጥ፣ የነዳጅና የማጓጓዣ ወጪ፣ አንዳንዴም ደላላው ነው። አሸዋ፣ ጠጠርና ድንጋይ ደግሞ ከነዳጅና ከመንገድ ጋር የተያያዙ ናቸው፣ ክረምት ላይ መኪና ሳይገባ ሲቀር ይወደዳሉ። የእጅ ዋጋ በራሱ ጊዜ ነው የሚጨምረው።

ስለዚህ "ዋጋ ጨምሯል" ሲሏችሁ "የቱ ዕቃ? ስንት ቀርቶናል? ከስንት ወደ ስንት?" በሉ። ለምሳሌ የ3 ሚሊዮን ብር ሥራ አላችሁ እንበል። ከዚህ ውስጥ ፌሮ 450,000 ብር ነው፣ ማለትም 15 በመቶ። ፌሮ በ20 በመቶ ጨመረ። ጭማሪው 90,000 ብር ነው፣ ከጠቅላላው ሥራ 3 በመቶ ብቻ። ኮንትራክተሩ ግን "ፌሮ 20 በመቶ ስለጨመረ" ብሎ በጠቅላላው ላይ 20 በመቶ፣ ማለትም 600,000 ብር ይጠይቃል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሸወደው። ግማሹ ፌሮ ቀድሞ ከተገዛ ደግሞ ትክክለኛው ጭማሪ 45,000 ነው።

ይህንን ሒሳብ መሥራት የምትችሉት ግን መጀመሪያ የሥራ ዝርዝር፣ ማለትም ቢኦኪው፣ ካላችሁ ነው። ሁሉንም በአንድ ድምር ተስማምታችሁ ከሆነ የምትከራከሩበት ቁጥር የለም። ለመሐንዲስ ከፍላችሁ ዝርዝር አሠሩ፣ ወጪው ከምታድኑት ጋር አይወዳደርም።

ሚዛን ይዛችሁ ግቡ

ፌሮ። አንድ ቀመር በቃላችሁ ያዙ። ውፍረቱን በሚሊሜትር በራሱ አባዙት፣ ለ162 አካፍሉት፣ የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ይመጣል። አንድ ቤርጋ 12 ሜትር ነው። በዚህ ሒሳብ

ባለ 8 አንዱ ቤርጋ 4.7 ኪሎ
ባለ 10 አንዱ ቤርጋ 7.4 ኪሎ
ባለ 12 አንዱ ቤርጋ 10.7 ኪሎ
ባለ 14 አንዱ ቤርጋ 14.5 ኪሎ
ባለ 16 አንዱ ቤርጋ 19 ኪሎ ያህል

ጥቂት በመቶ ልዩነት ከፋብሪካም ይመጣል። ግን "12 ነው" ተብሎ በእውነት 11 ሚሊ ከሆነ 16 በመቶ ብረት ጎድሏል ማለት ነው። በቤርጋ ሲሸጥላችሁ ይሄ ጉድለት አይታይም፣ በኪሎ ሲሆን ይታያል። በ12 ቦታ 10 ከገባ ደግሞ ከ30 በመቶ በላይ ብረት የለም። ያ ብረት ቤቱን የሚሸከመው ነው። አርማታ ከመሞላቱ በፊት ቆማችሁ ቁጠሩ፣ ፎቶ አንሱ። ከተሞላ በኋላ የሚያይ ዓይን የለም። ስታፋውንም እዩ፣ ርቀቱ በፕላኑ 15 ሳንቲም ካለ 25 ላይ አትፈርሙ።

ሲሚንቶ። ለሶሌታና ለኮለን በተለምዶ የሚታዘዘው ሲ-25 አርማታ በአንድ ሜትር ኪዩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ይፈልጋል። 60 ካሬ የሆነ ባለ 15 ሳንቲም ሶሌታ 9 ሜትር ኪዩብ ነው። 9 በ360 ሲባዛ 3,240 ኪሎ፣ ማለትም ወደ 65 ከረጢት። ሙሌቱ ሲያልቅ ባዶ ከረጢት ቁጠሩ። 45 ብቻ ካገኛችሁ 20ው የት ሄደ? ጠዋት የገባውንም ቁጠሩ፣ ባዶ ከረጢት ከሌላ ቦታ የሚያመጣም አለ። ከረጢቱን ስትቀበሉ ደግሞ መዝኑ፣ 50 ኪሎ መሆን አለበት፣ አፉም በድጋሚ ያልተሰፋ። ጠጥሮ ድንጋይ የሆነውን አትቀበሉ።

ሙሌቱ ካለቀ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ መጠጣት አለበት። ይሄ ማጭበርበር አይመስልም፣ ግን የውሃ ቦቴ ወጪ ለመቆጠብ ሲባል የሚዘለል ሥራ ነው። ከፍላችሁበታል፣ ጠይቁ።

ቆርቆሮ። የጌጅ ቁጥር ሲጨምር ቆርቆሮው እየሳሳ ይሄዳል። 28 ከ32 ይወፍራል። በዓይን ለመለየት ያስቸግራል፣ በሚዛን ግን አያስቸግርም። እንደ ቡና ናሙና አድርጉት። ከሱቅ የተስማማችሁበትን አንድ ቆርቆሮ ውሰዱ፣ መዝኑ፣ ክብደቱን በውሉ ላይ ጻፉ። ሳይት ላይ ከገባው ውስጥ ሦስት አራት ዘፈቀደ አውጥታችሁ መዝኑ። ርዝመቱ አንድ ሆኖ ክብደቱ ካነሰ ተቀይሯል።

ውሉ ላይ ምን ይኑር?

"የሰፈር ልጅ ነው" ውል አይተካም። ዘመድ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ጻፉ፣ ዘመድነቱ እንዲተርፍ።

ስሙን ብቻ ሳይሆን መታወቂያውን፣ የንግድ ፈቃዱን፣ የግብር ከፋይ ቁጥሩንና የኮንትራክተር ደረጃውን ኮፒ ያዙ። ፈቃዱ የታደሰ መሆኑን ከሰጠው መሥሪያ ቤት አረጋግጡ። ከዚህ በፊት የሠራቸውን ሁለት ቤቶች ሄዳችሁ እዩ፣ ባለቤቶቹንም እሱ በሌለበት አናግሩ።

ክፍያን በደረጃ ክፈሉ። እኔ አሁን የምመክረው ይህንን ነው። ከቻላችሁ ዋና ዋና ዕቃውን ራሳችሁ ግዙ፣ ለሱ የእጅ ዋጋ ብቻ ክፈሉ። ከነማቴሪያሉ ከሆነ ቅድሚያው ከ10 እስከ 15 በመቶ አይለፍ፣ እሱም በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን ሳይት ላይ በገባ ዕቃ ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ መሠረት ሲያልቅ፣ ግድግዳ ሲያልቅ፣ ጣሪያ ሲያልቅ እየተለካ ይከፈል። ከ5 እስከ 10 በመቶ ደግሞ ያዙና አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ ልቀቁ። ጣሪያ የሚፈተነው በሐምሌ ዝናብ ነው፣ በጥር ፀሐይ አይደለም።

አንድ ነገር በተለይ ለማሳደስ ሥራ፤ አዲሱ ዕቃ ግቢ ውስጥ ሳይገባና ሳይቆጠር አሮጌው አይነሳ። እኔ ይህቺን አንዲት መስመር ብጽፍ ኖሮ እናቴ ክረምቱን ቤቷ ታሳልፍ ነበር። አሮጌው ቆርቆሮ፣ በርና መስኮት የማን እንደሆነም ይጻፍ።

"ቀብድ" እና "ቅድሚያ ክፍያ" አንድ አይደሉም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ የምትሰጡት ገንዘብ የትኛው እንደሆነ በስሙ ጻፉት። የባንክ ማስተላለፊያው ላይም "ለእንዲህ ያለ ቤት ጣሪያ ሥራ፣ 1ኛ ክፍያ" ብላችሁ ምክንያቱን አስገቡ። በጥሬ ገንዘብ አትክፈሉ። እኔን ሽማግሌ ፊት ያተረፈኝ የባንክ ደረሰኝ ብቻ ነው።

ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በዚያው ሕግ ቁጥር 3039 መሠረት የቤት ሥራ ተቋራጭ ሥራውን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ጥንካሬ ዋስ ነው። "ከተረከባችሁ በኋላ አያገባኝም" የሚል መስመር ውሉ ላይ ቢጽፍ እንኳ ዋጋ የለውም። ግን ይህንን መብት ለመጠቀም ማን እንደሠራውና መቼ እንዳስረከበ የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልጋል። የርክክብ ቀን ተፈራረሙ።

ዩኒየኖች፣ ለእናንተ አንድ ቃል። መጋዘን ስታሠሩ ገንዘቡ የአንድ ሰው አይደለም፣ የሺህ ገበሬ ነው። ፌሮውን የሚመዝነው፣ ልኬቱን የሚፈርመውና ክፍያውን የሚያዘው ሦስት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። ከኮንትራክተሩ ደመወዝ የሚቀበል ተቆጣጣሪ ደግሞ ተቆጣጣሪ አይባልም።

ከሆነ በኋላስ?

ነገሩ ሲበላሽ መጀመሪያ ተጨማሪ ገንዘብ አትላኩ። እኔ 120,000 የላክሁት ያጠፋሁትን ለማዳን ብዬ ነው፣ አብሮ ጠፋ። በዚያው ቀን ሁሉንም ነገር ፎቶና ቪዲዮ አንሱ። ሌላ ሠራተኛ ከማስገባታችሁ በፊት በመሐንዲስ አስለኩ፣ አለበለዚያ ማን ምን እንደሠራ ይቀላቀላል። ቀን የወሰነ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጡ፣ ደርሶት መፈረሙን ወይም በምስክር መሰጠቱን አረጋግጡ።

ሽማግሌ ጥሩ ነው፣ እኔም የተመለሰልኝ በሱ ነው። ግን የሽምግልናውንም ውጤት አስፈርሙ፣ የሚከፈልበትን ቀንና መጠን ጻፉ። ቼክ ከሰጣችሁ ቀኑ ሲደርስ ባንክ አቅርቡ፣ በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት ወንጀል ነው። ሰውየው ከመጀመሪያው ሊሠራ ሳያስብ በውሸት ገንዘብ ወስዶ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የውል ብቻ አይደለም። በወንጀል ሕጉ ማታለል በቁጥር 692 ያስቀጣል፣ ለፖሊስ ማመልከት ትችላላችሁ። ዝም ማለት ግን ለቀጣዩ ሰው ጉድጓድ መቆፈር ነው። እኔን ያስከፈለኝ ሰው ከኔ በፊት ሁለት ቤት ላይ እንዲሁ አድርጎ እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት። ሁለቱም አፍረው ዝም ብለው ነበር።

የእናቴን ቤት በ2016 ጥር ላይ ጨረስነው። ቆርቆሮውን ራሴ ገዛሁ፣ አንድ በአንድ አስመዘንኩ፣ ለአናጺው የእጅ ዋጋ በየሳምንቱ በሠራው ልክ ከፈልኩ። አናጺው መጀመሪያ ላይ በሚዛኑ ቅር ብሎት ነበር፣ ሐቀኛ ስለነበር ግን በኋላ ራሱ ማስመዘን ጀመረ። ክረምቱን አንድ ጠብታ አልገባም።

ቤት ሊያሠራ ያሰበ ዘመድ፣ በተለይ ውጭ ሆኖ ብር የሚልክ ወንድም እህት ካላችሁ ይህንን አድርሱለት። የገጠማችሁ ነገር ካለ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስም ሳልጠቅስ ለሌላው ትምህርት አደርገዋለሁ።

ነገ ጠዋት እንደተለመደው በቡና ዋጋ እንገናኛለን። ሰላም ዋሉ።